የታሪክ ክበባችን ዓመት፦ ሊንከንና የጄን ብራያንት ጠበቆች

አንዳንድ ወላጆች «የአማርኛ ትምህርት ቤት ስለ አሜሪካዊ ጠበቃ ምን አገባው?» ብለው ጠይቀውናል። ልጆቻችን የሚያድጉት ኢሊኖይ ነው። የመኪናችን ታርጋ እንኳ የሊንከንን ስም ይዟል። የአገሩን ታሪክ በአማርኛ መተረክ የቻለ ልጅ አማርኛው ቤት ውስጥ ብቻ አይቀርም።

ዘንድሮ ፕሬዚዳንቱን ትተን የገጠሩን ጠበቃ አጠናን። አብርሃም ሊንከን ትምህርት ቤት የገባበት ጊዜ ተደምሮ አንድ ዓመት አይሞላም። ሕግ የተማረው መጽሐፍ እየተዋሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 ለኢሊኖይ ምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸነፈ። በ1834 ግን ገባ፤ በተከታታይም አራት ጊዜ ተመረጠ። በ1836 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። በዓመት ሁለት ጊዜ ከዳኛና ከጠበቆች ጋር ከከተማ ከተማ እየዞረ ይሟገት ነበር። ማታ ማረፊያ ቤት ሲጠብ ጠበቆቹ አንድ አልጋ ላይ ለሁለት ይተኙ ነበር።

የቅዳሜ ስብሰባዎቻችን እንደወትሮው ተካሂደዋል። በበረዶው ወራት የተሰብሳቢው ቁጥር ቀንሶ ነበር፤ በኋላ ተመልሷል።

የስፕሪንግፊልዱን ጉዞ ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም። ስምንተኛና ጃክሰን ጎዳናዎች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ያለውን የሊንከንን ቤት ጎበኘን። ከዚያ ከጥብቅና ሸሪኩ ከሄርንደን ጋር ይሠራበት ወደነበረው ቢሮ ወጣን። እዚያ ቆመን የ1847ቱን የማትሰን ጉዳይ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ሮበርት ማትሰን የኬንታኪ ባለርስት ነው። ባሪያዎቹን ኢሊኖይ ወዳለው እርሻው እያመጣ ያሠራቸው ነበር። ከእነሱ አንዷ ጄን ብራያንት ወደ ኬንታኪ እንዳትመለስ ልጆቿን ይዛ ጠፋች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሊንከን የቆመው ለማትሰን ነው። ልጆቹ ክው አሉ። «ሊንከን? ለምን?» እያሉ ሁሉም በአንዴ ጠየቁኝ።

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን ግን ከኋላ እጇን አወጣች። አማርኛ ለመናገር በጣም የምታፍር ልጅ ናት። «ቲቸር፣ የሷስ ጠበቃ ማን ነበር?» አለች።

ኦርላንዶ ፊክሊንና ቻርልስ ኮንስታብል ነበሩ። ረቱም። ፍርድ ቤቱ ጄንንና ልጆቿን ነፃ አወጣ። ስሞቹን ደብተሯ ላይ ጻፈች። በዓመቱ መዝጊያ ችሎቱን በመድረክ ስናሳይ ሌላው ሁሉ ሊንከንን መሆን ሲፈልግ እሷ የጄን ጠበቃ ልሁን አለች። ወረቀት ሳትይዝ በአማርኛ ተሟገተች። አያቷ ከፊት ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። እኔም አልቻልኩም።

ሊንከን በወጣትነቱ የኖረበትን የኒው ሳሌምን መንደር ለማየት የነበረን ዕቅድ ግን ተሰርዟል። የአውቶቡስ ገንዘብ አላገኘንም። ለኳስ ቡድናችን አዲስ ማሊያ በመገዛቱ ከልብ ደስ ብሎናል፤ ክበባችን ግን እስካሁን አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ እንኳ የለውም። የሊንከን ቤት መግቢያው ነፃ ነው። እኛን የሚይዘን የመጓጓዣው ወጪ ነው። ኒው ሳሌም ከስፕሪንግፊልድ ብዙ ስለማይርቅ በአንድ አውቶቡስ ሁለቱንም አይተን መመለስ እንችላለን። አውቶቡስ ያለው ወይም የሚያከራይ የሚያውቅ ወላጅ ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ያናግረኝ።