ለባሻዬ፣ ስለዚያች መጫወቻ

ባሻዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ስንት ወር እንደጠፋሁ ቆጥሬዋለሁ፤ አንተም ሳትቆጥር አትቀርም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሰበብ አልደረድርም። ይቅርታዬን በቁሜ ተቀበለኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ። አዎ፣ ጉዳይ አለኝ። «ሲቸግርህ ነው የማስታውስህ» ብትል ምን እመልሳለሁ?

ያቺ የእጅ እንቅስቃሴ የምታነብ ሴንሰርህ፣ ሊፕ ሞሽኗ፣ አሁንም መሳቢያህ ውስጥ ናት? መጫወቻ ናት ብዬ የሳቅኩባትን እርሳው። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ዲጄው ፊልተሩንም መብራቱንም እጁን በአየር ላይ እያንቀሳቀሰ እንዲያዝ ቃል ተገብቷል። ቃሉን የገባው ማን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ለጊዜው ሥራውን የያዘው ተራ ዌብካም ነው። ሚዲያፓይፕ የሚባለው ምስል አንባቢ ፕሮግራም ከእጅ ላይ 21 ነጥብ ያወጣል፤ የፓይተን ኮዴ ያንን ወደ ሚዲ፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች ትእዛዝ ወደሚቀባበሉበት ቋንቋ፣ ይቀይራል፤ ቀኝ እጅ ለሙዚቃ፣ ግራው ለመብራት። (ምስሉን እንደ መስታወት ሳትገለብጥ ከሰጠኸው ቀኙን ግራ ይልሃል። ይህን የምታውቅ ከሆነና ካልነገርከኝ ተቀይሜሃለሁ።) ቤት ውስጥ በቀን ብርሃን ማለፊያ ነው። መድረክ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጨለማ ሲሆን ካሜራው መዝጊያውን ራሱ ያዘገየዋል፣ በሰከንድ 30 የነበረው ምስል ወደ 15 ይወርዳል፣ እጁም ይደበዝዛል። ኤክስፖዠሩን (መዝጊያው ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ) በእጅ 1/100 ሰከንድ ላይ መቆለፍ አለብህ፤ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በዚያ ፍጥነት አይርገበገብም። ከዚያ ለእጁ ብቻ የምትበራ፣ ከዲኤምኤክሱ (የመድረክ መብራቶቹ ከሚታዘዙበት መስመር) ውጭ የሆነች ትንሽ ነጭ መብራት ታስፈልጋለች። ኤልኢዲዎቹ ሙሉ ሰማያዊ ሲሆኑ እጁም ሰማያዊ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ እጅ መሆኑ ይጠፋዋል።

ያንተዋን የፈለግኩት ለዚህ ነው። የራሷን ኢንፍራሬድ፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን፣ ስለምታበራ የመብራቱ ቀለም ግድ አይሰጣትም። የምትፈራው የድሮውን የመድረክ መብራት፣ ሃሎጅን ፓሩን ነው፣ እሱ ኢንፍራሬድ ይረጫል፤ ዝግጅቱ ያለበት አዳራሽ ደግሞ ሁሉም ኤልኢዲ ነው። በፈረንጆቹ 2013 የወጣችው ከሆነች የምታየው እስከ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ሚክሰሩ አጠገብ በጀርባዋ ትተኛለች፣ ይበቃኛል። የጭስ ማሽኑን ብቻ ከዲጄው ጠረጴዛ ማራቅ ነው።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝን ልንገርህ። ሴንሰር እጅ ያያል እንጂ ሐሳብ አያይም። ዲጄው ጆሮ ማዳመጫውን ሊያስተካክል እጁን ባነሳ ቁጥር ፊልተሩ አብሮት ይነሳል። ላቡን ሲጠርግ መድረኩ ይጨልማል። አውራ ጣትና አመልካች ጣት ሲነካኩ «ያዝ»፣ ሲለያዩ «ልቀቅ» ብዬዋለሁ። የጣቶቹን ርቀት (ነጥብ 4 እና 8) በመዳፉ ርዝመት (ከ0 እስከ 9) ታካፍላለህ፤ አለዚያ እጁ ወደ ካሜራው በቀረበ ቁጥር ልኩ ይቀየራል። ከ0.25 በታች ሲሆን ይይዛል፣ የሚለቀው ግን ከ0.4 ሲያልፍ ነው። ሁለቱን አንድ ቁጥር ላይ ካደረግካቸው ድንበሩ ላይ በሰከንድ አሥር ጊዜ ይይዝና ይለቃል፣ ድምፁም የተቧጨረ ሲዲ ይመስላል። እንዲያም ሆኖ ይስታል። የእግር ፔዳል ልጨምር? ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ እጁ ይሠራል። ውበቱን ይገድለዋል ትለኛለህ፣ አውቃለሁ።

የሚነበበው የእጅ ቦታ መንቀጥቀጡን ዋን ዩሮ ፊልተር በሚባል ማለስለሻ ስሌት አስታግሼዋለሁ። መጀመሪያ ቤታውን (ለፍጥነት የሚሰጠውን ክብደት) ዜሮ አድርገህ እጅህን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ዝቅተኛ መቁረጫውን (የማለስለሻውን ልክ) ከ1 ኸርዝ ጀምረህ መንቀጥቀጡ እስኪቆም ቀንስ፤ ከዚያ እጅህን በፍጥነት እያንቀሳቀስክ መጎተቱ እስኪጠፋ ቤታውን ጨምር። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው ሌሊቱን ሙሉ ትሽከረከራለህ። ሚዲ ለርን ላይ (ሶፍትዌሩ የትኛው እንቅስቃሴ ምን እንደሚያዝ ሲማር) ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ እጅህን ስታነሳ ከፍታውም፣ ጎኑም፣ ጣቱም አንድ ላይ ይላካሉ፣ ሶፍትዌሩ ቀድሞ የደረሰውን ይይዛል። አንዱን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን የሚያፍን ቁልፍ ኮዱ ውስጥ አስገባ።

መብራቱን ከሚዲ አውጥቼዋለሁ። አንድ ሚዲ ኮንትሮል 128 ደረጃ ነው ያለው። 540 ዲግሪ የሚዞረው ሙቪንግ ሄድ (አንገቱ የሚዞር መብራት) ላይ እያንዳንዱ ደረጃ 4 ዲግሪ ያህል ሆነ ማለት ነው፤ 10 ሜትር ላይ ያለው ግድግዳ ላይ ብርሃኑ ከ70 ሳንቲሜትር በላይ ይዘላል። አርትኔት (በኔትወርክ የሚሄድ ዲኤምኤክስ) በቀጥታ ልከህ ኮርሱንም ፋይኑንም (የሻካራውንና የረቂቁን እርምጃ) ቻናል ብትሞላ ዝላዩ ይጠፋል። በኬብል ግን፤ አዳራሹ በስልክ ሲሞላ ዋይፋይ አታምነው። ለዲመሩ (ለድምቀት መቆጣጠሪያው) እሴቱን በራሱ አባዛው፣ እጁ ግማሽ ላይ ሲሆን 0.25፣ ማለትም ከ255ቱ 64 ገደማ ይላካል፤ ዓይናችን እንደዚያ ነው የሚወደው። እጁ ከእይታ ሲጠፋ መጨረሻ የነበረበት ላይ ይቁም እንጂ ዜሮ አይሁን። ስትሮብን፣ ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት፣ ለማንም እጅ አልሰጥም። በሰከንድ ከ3 በላይ ብልጭታ የሚጥለው ሰው በሕዝቡ መሃል ሊኖር ይችላል።

መዘግየቱን ደምረው፤ ለካሜራው 33 ሚሊሰከንድ፣ ለስሌቱ 20 ገደማ፣ ሙሉ ለሆነ የዲኤምኤክስ ዙር 23። ስለዚህ በእጅ ምት አይመታም! እጅ ፌደር (ተንሸራታች መቆጣጠሪያ) ነው፣ ቁልፍ አይደለም። ቁልፍ የሚመስለውን ትእዛዝ ሁሉ እስከሚቀጥለው ባር (የምቶች ዙር) እንዲጠብቅ አድርጌዋለሁ።

እዚህ ላይ ነው ችክችካ ጉድ የሠራችኝ። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው 4/4 (በባር አራት ምት) ነው፤ ትክክለኛው ምት 100 ሲሆን 150 ብሎ ይጽፍልሃል፣ ሁለት ስምንተኛ ኖታን አንድ ምት አድርጎ ስለሚቆጥር። ያን ጊዜ ባሩን የጠበቀው የመብራት ለውጥ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ይወርዳል። ለእነዚህ ዘፈኖች ቴምፖውን በእጅ መታ መታ አድርጎ፣ በ6/8ቱ ባር ሁለት ምት ብቻ መቁጠር ነው። የሶፍትዌሩ አንድ ባር የኛ ሁለት ይሆናል፣ ይገጥማል። ኤኮውን ግማሽ ምት ላይ ካስቀመጥከው ከበሮው ጋር ይጣላል፣ 1/3 አድርገው። የመብራቱን ቼዝም (መብራቶቹ በተራ የሚበሩበትን ዙር) ከ8 ወደ 6 እርምጃ አውርጄዋለሁ። እስክስታ የሚወርደው ሕዝብ ምክንያቱን ባያውቅም ትከሻው ያውቀዋል።

ደግሞ መብራት ኃይል አለ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፣ የአርትኔቷ ሳጥን ግን ትጠፋለች። ትንሽ ዩፒኤስ ከሥሯ ይቀመጣል።

እና... እንዴት እንደምለው አላውቅም፣ ሰው የሚመጣ ካለ ሴንሰሯን ከነገመዷ ላክልኝ። ብር እልካለሁ አልልህም፣ ትሰድበኛለህና። ፔዳል ወይስ ጣት የሚለውን ግን ዛሬ ማታ መልስልኝ፤ ፔዳል ካልክ ነገ መርካቶ ወርጄ እገዛለሁ።

ያው ጠፊው ወንድምህ