የወንድሜ ተረከዝ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ኮሌስትሮል ያወጣችሁትን ወደድኩት። የደም ውጤቱ ደህና ከሆነ አትስጉ ማለታችሁ ግን አልተዋጠልኝም።

የወንድሜ ኮሌስትሮል ሁሌም ደህና ነበር። በልጅነቱ ተቅማጥ አይለቀውም። በ17 ዓመቱ የዓይን ሞራ ተገፈፈለት፤ ሞራ የሽማግሌ አልነበር እንዴ? ቀጥሎ ከሁለቱም ተረከዞቹ በላይ ያለው ጅማት አበጠ። ጫማ ነው ተባለ። ከፒያሳ ሽቅብ ሲወጣ እንደ ሰካራም መንገዳገድ ጀመረ። ደሴ ላይ ደግሞ ሜዳ የት አለና!

በመጨረሻ ኤምአርአይ ተነሳ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አሳየን። ሚዛን በሚጠብቀው የአንጎል ክፍል፣ በሴሬቤለም ውስጥ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ነጫጭ ምልክቶች፤ ልክ እንደ መንታ። ቦታው ዴንቴት ኒውክሊየስ ይባላል። በሽታው ሴሬብሮቴንዲነስ ዛንቶማቶሲስ ነው። የተበላሸ ዘረመል ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ይመጣል። ጉበት የሐሞት አሲድ በወጉ መሥራት ያቅተዋል፤ ኮሌስታኖል የሚባል ስብ በአንጎል፣ በጅማትና በዓይን ሌንስ ይከማቻል። ተራው የኮሌስትሮል ምርመራ ይህን አያሳይም።

መድኃኒቱ ጉበቱ መሥራት ያቃተው የሐሞት አሲድ ራሱ፣ ኬኖዲኦክሲኮሊክ አሲድ ነው፤ የሚበጀውም ቶሎ ሲጀመር ነው። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ይህቺን ጨምሩልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ