ዝናቡን ያደመጠ ዳይሬክተር፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ኦፐንሃይመር የተባለውን ፊልም እያየሽ እንቅልፍ ወስዶሻል» ብለህ የሳቅህብኝን ግን መልስ ሳልሰጥ ማለፍ አልቻልሁም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ዓይኔን አልከደንሁም፤ ጆሮዬን መክደን ብችል ግን ደስ ባለኝ ነበር።

የፊልሙ ዳይሬክተር ክሪስቶፈር ኖላን ትልቅ ባለሙያ መሆኑን አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ የመጀመሪያው አቶሚክ ቦምብ ሲሞከር ያሳየበት ትዕይንት ብቻውን ያስመሰግነዋል፤ እሳቱ ማያውን ሞልቶት ሳለ የሚሰማው የሰው ትንፋሽ ነው፣ ነጎድጓዱ የሚደርሰው ተመልካቹ ድምፅ መኖሩን ከረሳ በኋላ ነው። ቅር የሚለኝ፣ ሰውየው የዝምታን ጉልበት እንዲህ ጠንቅቆ እያወቀ በቀረው ጊዜ ሙዚቃውን እምብዛም እፎይ ሳያሰኝ ማስጮኹ ነው። ሁለት ሰዎች ቢሮ ተቀምጠው ስለ ፋይል ሲነጋገሩ እንኳ ቫዮሊኑ የዓለም ፍጻሜ የደረሰ ያስመስለዋል።

በዚያው በ2023 የወጣውን የማርቲን ስኮርሴዚን «ኪለርስ ኦፍ ዘ ፍላወር ሙን» ደግሞ «ረዘመብኝ» ብለህ ከመካከሉ ተውኸው። ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሞላ የሚቀረው ጥቂት ደቂቃ ነውና፣ ማሳጠር ነበረበት ብትለኝ አልከራከርህም። ነገር ግን ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የኦሴጅ ተወላጇ ሞሊ፣ ኋላ ባሏ የሚሆነውን ኤርነስትን ቤቷ ጋብዛው ዶፍ የሚጥልበትን ምሽት አስታውስ፤ እሱ ወሬውን ሊቀጥል ሲል ዝም እንዲል ትነግረዋለች፣ ማዕበሉ ኃይለኛ ነውና። ከዚያ ሁለቱም ተቀምጠው ዝናቡን ያደምጣሉ። አያትህ መብረቅ ሲያጓራ እኛን ልጆቿን እንዴት ጸጥ ታሰኘን እንደነበር ትዝ አለኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ሳየው፣ አጠገቧ ጸጥ ብሎ የተቀመጠው ይህ ሰው በዘመዶቿ መገደል እጁን እንደሚያስገባ አውቅ ስለነበር ዝናቡ ራሱ አስፈራኝ። ይህ ፊልም ለኦስካር በ10 ዘርፍ ታጭቶ አንድም አላገኘም፤ የኖላን 7 ወሰደ። እኔ ዳኛ ብሆን አላደርገውም ነበር።

ጩኸት ሁሉ የምጠላ እንዳይመስልህ፣ የራያን ኩግለር «ሲነርስ» ፊልም ልክ በተቃራኒው በድምፁ ነው የማረከኝ። በ1932 ሚሲሲፒ ውስጥ፣ በአንዲት ጭፈራ ቤት ወጣቱ ጊታሩን ይዞ ሲዘፍን፣ ያለፉት የአፍሪካ ከበሮ መቺዎችና ገና ያልተወለዱት የሂፕ ሆፕ ልጆች አብረውት ወለሉን ይሞሉታል። እዚያ ሙዚቃው የታሪኩ ልብ እንጂ ማዳመቂያ አይደለም። ደም መጣጮቹ (ቫምፓየሮቹ) ከገቡ በኋላ ያለው ግን ሌላም ሰው ሊሠራው የሚችል ነው። ኩግለር የፊልሙ ባለቤትነት ከ25 ዓመት በኋላ እንዲመለስለት መዋዋሉን ስሰማ፣ አከፋፋይ አጥቶ «ሳንኮፋ» የተባለ ፊልሙን ራሱ አዳራሽ እየተከራየ ያሳየውን የእኛን ኃይሌ ገሪማን አሰብሁ።

ለማንኛውም የስኮርሴዚን ፊልም ከተውህበት ቀጥልና ጨርሰው። መጨረሻው ላይ ሽማግሌው ስኮርሴዚ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ የሞሊ የሞት ማስታወቂያ ስለ ግድያዎቹ ምንም እንዳልጠቀሰ በዝግታ ይናገራል። ያንን ሳታይ ደውለህ እንዳትከራከረኝ።

የምትወድህ እናትህ