ከመሀል አትውጣ

ይድረስ ለልጄ፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ብርሃን ብርዱ ብሶበታል፤ አያትህ ከባናዋ ውስጥ አልወጣም ብላለች።

የአክስትህ ልጅ አዳማ መጥቶ ጨዋታህን አይቷል። ደውሎ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ኳስ አልመጣልህ ሲል እስከ መስመር እየወጣህ ትለምናለህ አለኝ። ተሻጋሪዋ ኳስ ስትመጣ ሳጥኑ ውስጥ ሰው የለም። ስትቀየርም አኩርፈህ ወጣህ። ልጄ፣ አጥቂ ነህ፤ ከጎሉ ፊት፣ ከመሀል አትውጣ።

የጎሉ ስፋት 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር ነው። ፍጹም ቅጣት ምት መምቻው ላይ፣ 11 ሜትር ርቀህ ስትቆም፣ ሁለቱም ቋሚዎች ወለል ብለው ይታዩሃል። በረኛው የትኛውን ወገን እንደሚጠብቅ ይጨንቀዋል። ወደ ማዕዘኑ በወጣህ ቁጥር ያው ጎል እየጠበበ ይሄዳል። እግርህ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ከዚያ አትምታ።

መሀል ሁን ስልህ ተገትረህ ቁም ማለቴ አይደለም። በግ ስትጠብቅ ታውቀው የለ? ገብስ ሊገቡ ሲሉ ከኋላ አትሮጥም ነበር፤ ቀድመህ መግቢያውን ትይዛለህ። ተከላካዩ ኳሷንና አንተን በአንድ ጊዜ እንዳያይ ከትከሻው ጀርባ ሁን። መጀመሪያ ወደ ሩቁ ቋሚ ሳብ አድርገው። የክንፉ ልጅ ቀና ሲል ወደ ቅርቡ ቋሚ ግባ። ብትቸኩል ከተከላካዮቹ አልፈህ ኦፍሳይድ ነህ፤ የሚታየው ኳሷ ስትመታ የነበርክበት ቦታ ነው፣ ስትቀበላት ያለህበት አይደለም።

የምዕራብ ጀርመኑ አጥቂ ጌርድ ሙለር እ.ኤ.አ. በ1974 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሆላንድ ላይ ያገባትን ፈልገህ እያት። ኳሷ ወደ ኋላው ቀረችበት፤ ዞሮ መታት። አጭር ሰው ነበር። ለምዕራብ ጀርመን በ62 ጨዋታ 68 ጎል አግብቷል።

አጎትህን አልደረስክበትም። ደብረ ሲና ላይ እንደሱ የሚሮጥ አልነበረም። ሜዳውን ሙሉ ያካልል ነበር። አንድ ቀን በመጨረሻው ሰዓት በረኛው የመለሳት ኳስ ባዶ ጎል ፊት ወደቀች። እሱ መስመሩ ዳር ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቱን ይዞ ያለከልካል። ልብሱን ይዤ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሰው ሰነፍ ብሎ ሰደበው። ሰነፍ አልነበረም፤ የት እንደሚቆም የነገረው ሰው ነው ያጣው። ከዚያ ወዲያ ማልያ አልለበሰም። ነፍሱን ይማረው፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንተ የሚነግርህ አለህ። ልምምድ ሲያልቅ አሰልጣኝህን ቀርበህ "የት ልቁም?" በለው። ኩርፊያ አልወድም። ተቀያሪ ወንበር ላይም ብትሆን ተከላካዮቹን አጥና፤ ኳስ ብቻ የሚያየውን ለይተህ ያዝ። ስትገባ ከሱ ጀርባ ሁን፤ ከመሀል አትውጣ ጎበዜ።

ጫማህን እሳት ዳር አታድርቅ፣ ይሰነጠቃል፤ ጋዜጣ ጠቅጥቅበት። እናትህ በሶና ቆሎ አዘጋጅታለች። ቅዳሜ በመኪና እልካለሁ፤ መናኸሪያ ሄደህ ተቀበል፣ ለጓደኞችህም አካፍል። ጉልበትህን ካመመህ አትደብቀኝ። እሁድ ለእናትህ ከጨዋታው በፊት ደውልላት።

አባትህ
ደብረ ብርሃን