ይቺን ለእማዬ ጮክ ብለሽ አንብቢላት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እማዬ፣

ልጅ ሆኜ ለጎረቤቶቻችን ደብዳቤ ስጽፍ ትዝ ይልሻል? ቤሩትና ጅዳ ላሉ ልጆቻቸው። እነሱ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አንቺ ቡና እየቆላሽ «እንዲህ በል እንጂ» እያልሽ ታርሚኛለሽ። አጀማመሩ ሁሌም አንድ ነበር፦ «እኔ ከናፍቆትሽ በቀር በጣም ደህና ነኝ።» ዛሬም እንደዚያ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ።

ደህና ነኝ። «በጣም» የምትለዋ ግን ለጊዜው ትቆየን።

በስልክ ልነግርሽ ስንቴ እንደሞከርኩ እግዜር ነው የሚያውቀው። አንቺ «ሃሎ» ስትዪ አፌ በራሱ «ሁሉ ሰላም» ይላል። ቪዲዮ ስንደውል ደግሞ «ልጁን አሳየኝ» ትያለሽ፣ ካሜራውን ወደሱ አዞራለሁ፣ እኔ አመለጥኩ ማለት ነው። ስለዚህ ሰው ሲሄድ ሳገኝ ብጽፍልሽ ይሻላል አልኩ። ይህን ይዞልሽ የመጣው ልጅ ጎረቤቴ ነው። ቡና አጠጪው። ስለኔ ግን እንዳትመረምሪው፣ ምንም አያውቅም።

ዛሬ እሑድ ነው፣ ቅድስት። ዓድዋም ነው። ዘንድሮ ጾማችንና ረመዳን ስለገጠሙ ሰፈሩ በሙሉ ጾመኛ ሆኗል ማለት ነው። ማታ ማታ የጎረቤቶቻችን የሳምቡሳ ሽታ እዚህ ድረስ የመጣ ይመስለኛል። ልጁ ደረቴ ላይ ተኝቷል። በአንድ እጄ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ከተንጋደደ የሱ ጥፋት ነው።

እንግዲህ ልንገርሽ። ስኳር አለብኝ። የአባዬ ስኳር።

ልጁ ነሐሴ 17 ሲወለድ ሁለት ሥራ ነበረኝ። ቀን ፓርኪንግ፣ ሌሊት መጋዘን። መጋዘኑ ዕቃ ማሸግ ነው፣ በኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12። እዚህ ሕጉ ልጅ ሲወለድ ለአባትም እስከ 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል፤ ደመወዝ ግን የለውም። ያለ ደመወዝ 12 ሳምንት ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ቤት ኪራይ የማይከፍል መሆን አለበት። እኔ 10 ቀን ወሰድኩ። ከሱም ላይ ሁለቱ ቀን ሆስፒታል አለቀ፤ ልጁ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሰማያዊ መብራት ሥር አስተኙት። አንቺ በስልክ «ፀሐይ አሙቁት» ስትዪ እኔ ያን መብራት እያየሁ ነበር። ቤት ስንገባ ከላይኛው ፎቅ ያለችው የጎንደር ሴት ገንፎ ይዛ መጣች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ኮሪደሩ ላይ እልልታውን ስታቀልጠው ጎረቤት ፖሊስ ሊጠራ ምንም አልቀረው። ከዚያ አንቺ የላክሽው አጥሚት ነው ያነሳን። ባለቤቴን ብቻ አይደለም፣ እኔም ጠጥቻለሁ። አሁን ሳስበው ባልጠጣ ይሻለኝ ነበር።

ክርስትናው በግሸን ማርያም ቀን እንደዋለ ነግሬሻለሁ፣ አልደግመውም።

ከጥቅምት ጀምሮ የውሃ ጥም ያዘኝ። የማይረካ ጥም። ጠርሙስ ሙሉ እጨርስና ምላሴ እንደ ደረቀ ነው። መጋዘን ውስጥ በየሰዓቱ ሽንት ቤት እሄዳለሁ፤ አለቃዬ ሰዓት እያየ ይጠብቀኝ ጀመር። ሱሪዬ ሰፋ። ሰው ሁሉ «ልጅ ወልደህ ቀጠንክ» ይለኛል፣ እኔም እንቅልፍ ማጣት ነው እላለሁ። እውነቴን ነው፣ አራስ ቤት ያለው ሰው የቱ ድካም የበሽታ፣ የቱ የልጅ እንደሆነ በምን ይለየዋል?

ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት የካርቶኑ ቁጥር ደበዘዘብኝ። 3 ይሁን 8 ማወቅ አቃተኝ። ዓይኔን አሸሁት፣ ያው ነው። ካርቶኑ ላይ ቁጭ አልኩ። አለቃው መጥቶ «ዕረፍትህ ገና አልደረሰም» አለኝ። ተነሳሁ እማዬ። አፈር ስበላ ተነስቼ እስከ ንጋት ሠራሁ። በዚህ እስከ ዛሬ በራሴ እናደዳለሁ።

ጠዋት ቁርስ ሳልቀምስ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ጣቴን ወግታ ለካችና ዝም አለች። ሌላ ጣቴን ወጋች። 386። በባዶ ሆድ 126 ከሞላ ስኳር ነው የሚሉት፤ የኔ ሦስት እጥፉ ነበር። የሦስት ወሩን የሚያሳይ ሌላ የደም ምርመራ አለ፣ እሱ ከ6.5 ጀምሮ ነው ስኳር የሚባለው። የኔ 11.4 መጣ። እሷ ስታስረዳኝ እኔ ግን ጓሯችንን ነበር የማየው። አባዬ የሸናበት ላይ ጉንዳን ሲሰበሰብ። መጀመሪያ ያየሽው አንቺ ነበርሽ፣ አስታወስሽ? እሱ ግን «ጉንዳን ምን ያውቃል» ብሎ ሳቀብሽ።

(እህቴ፣ ቅንፍ ውስጥ ያለውን አታንብቢላት። ያን ቀን በቀጥታ ሆስፒታል ላኩኝ፣ ሁለት ሌሊት አደርኩ። ኢንሱሊን በመርፌ ሰጡኝ። ባለቤቴ የሦስት ወር ልጅ ታቅፋ ወንበር ላይ አደረች። ሌሊት ስነቃ ልጁ እየጠባ ያየኛል። አባዬን እግሩን ሲቆርጡት እኔ ስንት ዓመቴ ነበር? ይህን ስቆጥር አደርኩ። የሆስፒታሉን ሂሳብ ከፋፍዬ እየከፈልኩ ነው፣ በሱ አታስቢ። መቆምሽን እንዳትጠረጥር አሁን ቶሎ ወደ ታች ዝለይ።)

አሁን የምወስደው ኪኒን ነው፣ ሜትፎርሚን ይባላል፣ 500 ጠዋት 500 ማታ ከምግብ ጋር። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ሆዴን አገላበጠው፣ ከዚያ ለመደኝ። ጾሙን ልትጠይቂኝ እንደሆነ አውቃለሁ። የንስሐ አባቴ «መድኃኒትህን በሰዓቱ፣ ምግብህን በሰዓቱ፣ ከሥጋና ከወተት ተከልከል፣ ይበቃል» ብለውኛል። ችግሩ ጾም ምግባችን ራሱ ነው። ሙሉ እንጀራ በሽሮ በልቼ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለካ 261። ሩብ እንጀራ በብዙ ጎመንና በምስር ሲሆን 158። «ጤፍ ለስኳር ጥሩ ነው» የሚለውን ሁሉም ሐበሻ ይነግርሻል። ጤፉ ምን በደለ፣ መጠኑ ነው እንጂ። ባለቤቴ አሁን እንጀራውን በመቀስ አራት ቦታ ትቆርጥና ሦስቱን ትደብቃለች። የት እንደምትደብቀው አውቃለሁ።

የካቲት ላይ ስለካ ጠዋት ጠዋት 118፣ 124፣ 131 ነው። ሐኪሟ ደስ ብሏታል። አንቺም ደስ ይበልሽ።

ሁለተኛው ወሬ ይኸውልሽ፦ ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ ዲቪ ሲደርሰኝ «ትምህርቱ እዚያም አለ» ብለሽ የሸኘሽኝ አንቺ ነሽ። ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ። እዚያም አለ፣ እኔ ነኝ ያልነበርኩት። ባለፈው መስከረም ጀምሬ ነበር፣ ስታመም ኅዳር ላይ አቋረጥኩት። ጥር ላይ እንደገና ገባሁ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ይባላል፣ ከቤቴ በእግር ይኬዳል። ነርስ ልሆን ነው። ጣቴን ሁለቴ እንደወጋችኝ ሴትዮ። ሁለት ማታና ቅዳሜ ጠዋት እማራለሁ። የሌሊቱን መጋዘን ተውኩት፤ ሐኪሟ የሌሊት ሥራ ስኳር ያባብሳል ብላኛለች፣ እኔም አላስለመንኳትም። ክፍያው አያሳስብሽ። ፔል ግራንት የሚሉት የመንግሥት ድጎማ አለ፣ ዘንድሮ በዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይሰጣል፣ መልስ አይሉሽም። ዕዳ አልገባሁም።

ባለቤቴ የሰው ቤት አረጋውያን ትንከባከባለች። ስለዚህ እኔ ስገባ እሷ ትወጣለች። በር ላይ ልጁን እንደ ዱላ ቅብብል ነው የምንቀባበለው። «በልቷል፣ ቀይሬዋለሁ፣ ጥርሱ ነው የሚያስለቅሰው» ትለኝና አሳንሰሩ ይዟት ይወርዳል። ጭቅጭቅ የለም ብዬ አልዋሽሽም። ፈተና ያለብኝ ሌሊት ልጁ ሲነሳ ሁለታችንም የተኛን እንመስላለን። ማን ቀድሞ እንደሚሸነፍ እንጠባበቃለን። አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት። ይህም የሚያኮራ ነገር አይደለም።

ክፍል ውስጥ አብዛኞቹ የ19፣ የ20 ዓመት ልጆች ናቸው። መምህሯ አንድ ጊዜ ከናገረች ይይዙታል። እኔ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና በማይበዛበት ሰዓት የአጥንት ስም በትንንሽ ካርድ ጽፌ አጠናለሁ። የመጀመሪያው ፈተና 68 ሰጠኝ። ሁለተኛው 84። አዋቂ ሰው 206 አጥንት አለው እማዬ። ሕፃን ሲወለድ ግን ወደ 300 ይጠጋል፤ እያደገ ሲሄድ ነው የሚጋጠመው። ባለፈው ሳምንት ይህን ሳነብ ልጁ እንዳሁኑ ደረቴ ላይ ነበር። መጽሐፉ የራስ ቅሉ አጥንቶች ያልተገናኙበትን ቦታ በሥዕል ያሳያል፣ ረጅም የላቲን ስም ሰጥቶታል። ሥዕሉን አየሁና መዳፌን ልጁ አናት ላይ አኖርኩ። እርግብግቢቱ! ከመዳፌ ሥር ቱክ ቱክ ይላል። አንቺ «ቅቤ አድርግለት» እያልሽ የምትጨቀጭቂኝ እርግብግቢት። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል እስኪሞላው ይገጥማል ይላል መጽሐፉ። የዚያን ዕለት ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ አላነበብኩም።

የራሴን በሽታም ፈልጌ አነበብኩ፣ ገና ያልደረስንበትን ምዕራፍ ገልጬ። ስኳርን ከደም የሚያወርደው ኢንሱሊን ከየት የሚመነጭ ይመስልሻል? ከቆሽት! ስበጠብጥሽ «ቆሽቴን አሳረርከው» የምትዪኝ ቆሽት። ከጨጓራ ጀርባ ነው ተጋድሞ የሚገኘው። ውስጡ በጣም ብዙ ትንንሽ የሕዋስ ስብስቦች አሉ፣ ፈረንጆቹ ደሴቶች ይሏቸዋል፣ ኢንሱሊኑ የሚወጣው ከነሱ ነው። «የደሴ ልጅ በደሴቶቹ ታመመ» ብላት ባለቤቴ አልሳቀችም። የኔ ዓይነቱ ላይ ሰውነት ለኢንሱሊኑ አልታዘዝም ይላል። ቆሽት ጨምሮ ጨምሮ ያመርታል፣ መጨረሻ ላይ ይደክመዋል። በዘርም ይመጣል። ስለዚህ ማንም ቡዳ አልበላኝም፣ ጠበሉን ግን ላኪልኝ።

አሁን ዙሪያ ጥምጥም ስሄድለት ወደ ነበረው ነገር ልምጣ። ብር።

ከመጋቢት ጀምሮ የምልክልሽ 300 ዶላር 150 ይሆናል። ትምህርቱ እስኪያልቅ፣ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል። «ዶላር ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ 150ው በብር ሲመነዘር ከድሮው 300 አያንስም» ልልሽ ነበር። ስሌቱ ልክ ነው፣ በወረቀት ሠርቼዋለሁ። ግን ጤፉና ዘይቱስ ባለበት ቆሟል? ስሌቱን ጽፌ ስጨርስ አፈርኩ። በቀጥታ ልንገርሽ፦ የቀነሰው ብር ይሰማሻል። የታናሽ ወንድሜን የትምህርት ክፍያ ግን አልነካውም፣ እሱ ለብቻው ይመጣል። ጣሪያው ይቆይ። ክረምቱን በላስቲክ እንለፈው። ዘመድ «አሜሪካ ሆኖ» ሲል ሰምተሽ አንገትሽን እንዳትደፊ። እንዲያውም ይህችን ደብዳቤ አንብቡላቸው። ቅንፉን ትታችሁ።

ጥቅሉ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሰማያዊ ቦርሳ ሽቶ አይደለችም። የስኳር መለኪያ ናት፣ ከ100 ወረቀት ጋር። ለኔ የመጣው በአባዬ በኩል ነው ብል እንኳ አንቺም 60 አልፈሻል፣ ማታ ማታ ስንቴ እንደምትነሺም አውቃለሁ።

እህቴ፣ ይህ ላንቺ ነው። መጀመሪያ እጇን በሳሙና ትታጠብና በደንብ ታድርቅ፤ ጣቷ ላይ የቀረ ጣፋጭ ቁጥሩን ያሳስተዋል። የጣቷን ጫፍ መሐሉን ሳይሆን ጎኑን ውጊ፣ ጎኑ ብዙ አያምም። ጠዋት እንደተነሳች፣ ቡና እንኳ ሳትቀምስ። ከ100 በታች ከሆነ እሰየው። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ለኔ ንገሪኝ። 126 ከሞላ በማግስቱ ድገሚውና ያው ከሆነ ደሴ ሆስፒታል ውሰጃት፣ ነገ ዛሬ አትበዪ። መርፌውን አንዴ ከተጠቀምሽበት ለሌላ ሰው አትድገሚው። ከሷ ቀጥሎ አንቺም ተለኪ፣ ወንድማችንም።

እማዬ፣ «እኔ ምንም የለብኝም» እንደምትዪ አውቃለሁ። እኔም ካርቶኑ ላይ ቁጭ ብዬ ያልኩት እሱን ነው።

ቁጥሩን ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ። እዚያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን እዚህ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ልጁ በዚያ ሰዓት ለጡት ይነሳል፣ እኔም አልተኛም።

ልጅሽ