ስሙን ያላወቅነው ዛፍ፦ የተፈጥሮ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበባችን ዘገባ ባለፉት ዓመታት አንድ ዓይነት ነበር። ክረምት ላይ ችግኝ ተከልን፣ ይህን ያህል ጉድጓድ ቆፈርን፣ ፎቶ ተነሳን። ዘንድሮ ግን ሌላ ነገር ሞከርን። ከሐረር ወጣ ብላ ያለች አንዲት ትንሽ ጫካ መረጥንና ዓመቱን ሙሉ ወደ እሷ ተመላለስን። አራት ጊዜ ሄደናል። የገጽ ቁጥር ቢያንስም ያየነውን በደንብ ልናገር እፈልጋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ አባላቱን የግቢያችንን ዛፎች ስም ጻፉ አልኳቸው። አብዛኞቹ ባሕር ዛፍና ግራር ጽፈው አቆሙ። አንዷ የ9ኛ ክፍል ልጅ «የጥላው ዛፍ» ብላ ጻፈች። በየቀኑ ምሳዋን የምትበላው ከሥሩ ነው። ዋንዛ ነበር። ፍሬው ሲበስል እየለቀመች ትበላለች፣ ስሙን ግን የነገራት ሰው የለም። እኔም ብሆን ግቢው ውስጥ ካሉት ግማሹን አላውቅም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሬበታለሁ።

ከዚያ ካርታ ዘረጋን። የአካባቢያችን የቦታ ስሞች የዛፍ ስም መሆናቸውን ኦሮምኛ የሚችሉ ልጆች ነገሩን። ኤጀርሳ ጎሮን ሁሉም ያውቃል። ራስ ተፈሪ መኮንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. የተወለዱባት መንደር ናት። ፈተና ላይ ትመጣለች፣ ስለዚህ በቃላቸው ይዘዋታል። ኤጀርሳ ግን ወይራ ማለት ነው። ኮምቦልቻም እንዲሁ ዛፍ ነው፤ እሾሃማ ነው፣ በአማርኛ አጣጥ እንለዋለን። «ቲቸር፣ ኮምቦልቻ ወሎ አይደል?» ያለ ነበር። ወሎም አለ፣ ከሐረር አፍንጫ ሥርም አለ። አዲስ አበባ ዘመድ ያላቸው ደግሞ መካኒሳን አነሱ። እሱም ብሳና ነው። ቦታው ስሙን ይዞ ቆይቷል፣ ዛፉ አሁንም እዚያ አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወጣ። የዓመቱ ሥራችንም ተወሰነ፦ የዛፍ ስም መዝገብ።

ጥቅምት ላይ ወደ ኤጀርሳ ጎሮ አቅጣጫ ተጓዝን። መኪናው ካወረደን በኋላ ያለው መንገድ በእግር ነው። ማሽላው ከልጆቹ ራስ በላይ ቆሟል። በመሀሉ ጫት፣ በጫቱ መሀል አልፎ አልፎ ቡና። መንደሯ ተዳፋት ላይ ናት፣ ጫካዋ ከመንደሯ በላይ። የአንድ ደግ ሼህ መቃብር ስላለባት ነው የተረፈችው። ከዚያ እርጥብ እንጨት የሚቆርጥ የለም። በዙሪያዋ ያለው ጋራ ራቁቱን ነው፣ እሷ ብቻ እንደ ጥቁር ካባ ትታያለች። ሐረር ውስጥ በአዋቾች (በደጋግ ሰዎች መቃብር) ግቢ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርም የምናየው ይኸው ነው። አሮጌ ዛፍ ፈልገህ ስትሄድ መጨረሻ ላይ የምትደርሰው ሰው ከሚጸልይበት ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ስለሠራነው ጥፋት መናገር አለብኝ። ቁጥር የተጻፈባቸው የቆርቆሮ ምልክቶች፣ መዶሻና ምስማር ይዘን ነበር የሄድነው። ዛፎቹን ቁጥር ሰጥተን በኋላ ስማቸውን ልንፈልግ። አምስተኛው ግንድ ላይ ስንደርስ ጫካዋን የሚጠብቁት አዛውንት መጡ። አልተቆጡም። እጃቸውን ከምስማሩ አጠገብ ግንዱ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጆቹ መሬት መሬት አዩ። ምን አሉ ብዬ ጠየቅኩ። «ስሙን ብትጠይቁኝ እኮ እነግራችሁ ነበር» ነው ያሉት።

አምስቱንም ምስማር ነቀልን። መመሪያውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ልጆቹ የታዘዙትን ነው ያደረጉት። እስካሁን ሲታወሰኝ ይከብደኛል። አዛውንቱ ግን ያን ዕለት ጉዳዩን ዳግመኛ አላነሱትም። ከፊት ከፊት እየሄዱ ያስጎበኙን ጀመር።

ያስተማሩን ብዙ ነው። ወይራ ዘገምተኛ ነው፤ አንድ ሰው ተክሎ ጥላው ሥር የሚቀመጠው የልጅ ልጁ ነው። እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ለመሣሪያ እጀታ ይሆናል። ቀንበጡ መፋቂያ ነው፣ ጭሱ የወተት ዕቃ ማጠኛ። ጥድ ምስጥ ስለማይደፍረው ለአጥር ቋሚ ይፈለጋል፣ ያጠፋውም ይኸው ነው። ብሳና ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል ብርቱካንማ ይሆናል። የወደቀው ቅጠል መሬቱን ያዳብራል፣ አበባውን ንብ ይወደዋል። በእርግጥም ብሳናው ላይ ሁለት ቀፎ ተሰቅሎ ነበር። ክትክታ ቅጠሉ እጅ ላይ ይጣበቃል። አጋም ፍሬው ጥቁር ሲሆን ይበላል፣ እሾሁን ግን መጠንቀቅ ነው። ልጆቹ እየበሉ ጻፉ። የዚያ ቀን የመዝገቡ ገጾች እስካሁን ሐምራዊ ናቸው።

ሲተረጉምልን የዋለው አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ አያውቅም። አማርኛው ስለሚይዘው ዝም ይላል። ልጅ ሆኖ ፍየል የጠበቀ ነው፣ ይህን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ፍየል የትኛውን ቅጠል አስቀድማ እንደምትበላ፣ የትኛውን ደግሞ እንደማትነካ ለጓደኞቹ ሲያስረዳ ድምፁ እንኳ ሌላ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመዝገቡ ኃላፊ እሱ ነው። በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በሙሉ ድምፅ ነው የተመረጠው።

ሁለተኛው ጉዞ ጥር ላይ ነበር። ደረቅ ወቅት ነው፣ ስለ ዕፅዋቱ ብዙ የምለው የለኝም። የማልረሳው መንገድ ላይ የሆነው ነው። ሦስት ሴቶች የእንጨት ሸክም ተሸክመው ወደ ከተማ ሲወርዱ አገኘናቸው። አንዷ ተማሪያችን ቀጥ አለች። «እንዴ! የእኛ እንጨት እኮ ከእሳቸው ነው!» እናቷ ኤረር በር አካባቢ ከእኚህ ሴት ትገዛለች። ሴትየዋም ለዩዋት። ሸክማቸውን ግንብ ላይ አስደግፈው ሰላም አሏት፣ የእናቷን ጤና ጠየቁ። ልጅቷ ስንት ሰዓት ከቤት እንደወጡ ጠየቀቻቸው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ አሉ። እንጨቱ የጫካዋ አይደለም፣ ከሩቅ ቁጥቋጦ የተለቀመ ክትክታና የባሕር ዛፍ ጭራሮ ነው። ለመልቀም አንድ ቀን፣ ለመሸጥ ሌላ ቀን።

ያቺ ልጅ ማታ መዝገቡ ላይ ከክትክታ ስም አጠገብ እንዲህ ጽፋለች፦ «እናቴ ዋጋ ስትከራከር እኔ አጠገቧ ቆሜ አውቃለሁ።» ሌላ አልጨመረችም። እኔም አላረምኩትም።

መጋቢት ላይ አልሄድንም። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ዘንድሮ ገጥመው ስለነበር ከክበቡ አባላት የማይጾመውን ፈልጎ ማግኘት ይቸግር ነበር። በዚያ ወር መዝገቡን በንጹሕ ገለበጥን፣ የደረቁ ቅጠሎችን ለጠፍን። የሐረሪኛ ስሞችንም ከጀጎል ልጆች አያቶች መሰብሰብ ጀመርን። ይህ ክፍል ገና ብዙ ይቀረዋል።

ግንቦት ላይ ስንደርስ ዝናብ ነበር። መንደሩ ጉዛ ወጥቶ ጠበቀን። ለማያውቅ አንባቢ፦ ጉዛ ማለት ጎረቤት ተሰብስቦ የአንዱን ሰው ሥራ በአንድ ቀን የሚጨርስበት ነው፤ በሌላው አገር ደቦ የሚባለው። ዛሬ የእሱ፣ ነገ የእሷ። ያን ቀን ተራው ጎርፍ የእርከን ድንጋይዋን የናደባት የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበር። መዝገቡን ለጊዜው ዘጋንና ድንጋይ ማቀበል ጀመርን። ከጫካዋ ሥር ያለው እርከን አልተነካም፣ ራቁቱ ጋራ ሥር ያለው ግን ሦስት ቦታ ፈርሷል። ከሐረማያ የሚመላለስ አንድ ልጅ ይህን አይቶ የአባቱን ወሬ አነሳ። ሐይቁ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲደርቅ ደለሉ አንዱ ምክንያት ነበር፣ ፓምፑ ሌላው። ሐረር ከዚያ ነበር ውሃ የምትጠጣው። ስለ አፈር መሸርሸር አንድ ወር ባስተምር ያን ያህል አይገባቸውም ነበር።

ሥራው ሲያልቅ በቡና ገለባና በወተት የተፈላ ሆጃ ቀረበልን። ወተቱ ወይራ ወይራ ይሸታል። ልጆቹ ሳይነገራቸው ለዩት። ጥቅምት ላይ የጻፉት ቃል ግንቦት ላይ አፋቸው ውስጥ ገባ። እኔ በዚህ ዓመት ከዚህ የበለጠ ደስ ያለኝ ነገር የለም።

የመጨረሻው ጉዞ ሰኔ ላይ ነበር፣ አጭር ነው። ከጫካዋ የለቀምነውን የወይራ ዘር ልጆቹ ቅርፊቱን በድንጋይ እየሰነጠቁ፣ ውሃ ውስጥ እየዘፈዘፉ ግቢያችን ውስጥ ዘርተውት ነበር። ጥቂት በቀለ። ሰባት ችግኝ ይዘን ሄድንና አዛውንቱ ባሳዩን ቦታ፣ ፍየል በማይደርስበት፣ ከትልልቆቹ ጥላ ሥር ተከልናቸው። ፎቶ ያነሳ የለም፤ እጃችን ሁሉ ጭቃ ነበር። የመዝገቡን አንድ ቅጂ ለመንደሩ ልጆች ሰጠናቸው። ወዲያው ጮክ ብለው እያነበቡ፣ የኦሮምኛ አጻጻፋችንን አራት ቦታ አረሙልን።

መዝገቡ አሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በር አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ ነው። 34 ተክሎች አሉበት። 31ኛው መስመር ባዶ ነው። አዛውንቱም ስሙን አላወቁትም፤ እናታቸው ያውቁት እንደነበር ብቻ ነገሩን። ቅጠሉ ተለጥፏል፤ ጠባብ ነው፣ ጀርባው ነጣ ያለ፣ ሲያሹት የሎሚ ሽታ አለው። ክረምቱን ገጠር የምትሄዱ ልጆች ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ የቅጠሉን ፎቶ ወስዳችሁ ለአያቶቻችሁ አሳዩልን። የሚነግሯችሁን በሰማችሁት ቋንቋ፣ እንደተናገሩት ጻፉት። መስከረም ላይ የ10ኛ ክፍሉን መዝገብ ያዥ ፈልጉት። 11ኛ ገብቶ ይጠብቃችኋል።