ሹፌሩ ሲጠብቀን እኛ ሰማይ ላይ ነበርን

ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም
ባሕር ዳር

የባንኮክ ጉዟችንን ላዘጋጀልን የጉዞ ወኪል

ጉዳዩ፦ በጉዟችን የመጀመሪያ ቀን ስለደረሰብን እንግልትና ገንዘባችን እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልን። ሚያዝያ 26 ተሞሽረን፣ መልሱና ቅልቅሉ እንዳለቀ በእናንተ በኩል ወደ ባንኮክ የሄድነው ባልና ሚስት ነን። ክፍያ የፈጸምን ቀን ቡና ጋብዛችሁን ነበር። ቡናውን አልረሳነውም፤ ቅሬታችንን ግን አያስቀረውም።

ነገሩ የሰዓት ነው። አውሮፕላናችን ሱቫርናቡሚ፣ የባንኮክ ኤርፖርት፣ ያረፈው እሑድ ግንቦት 3፣ በአገሩ ሰዓት 13:15 ላይ ነው። በእኛ አነጋገር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ መሆኑ ነው። ትኬቱ ላይም 13:15 ተብሎ ተጽፏል። እናንተ ግን ለሆቴሉ የላካችሁት «7:15» ብላችሁ ነው። እዚያ ይህ ማለት ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ሊቀበለን የተመደበው ሹፌር በጠዋት መጥቶ፣ ስማችን የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ ሲጠብቅ ቆይቶ ሄዷል። ያኔ እኛ ገና ሰማይ ላይ ነበርን።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ግን ማታ ነው። የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደ እኛ አዙሮ የላካችሁትን መልእክት አሳየን። ባለቤቴ አይታው ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

እስከዚያ ድረስ የሆነውን ልንገራችሁ። እንግዶች የሚወጡበት በር ላይ ቆመን ስማችንን ብንፈልግ፣ ብንፈልግ የለም። ወደ እናንተ ደወልን። ባሕር ዳር ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር፤ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። እሑድ እንደሆነ እናውቃለን። ግን እኮ «በማንኛውም ሰዓት ደውሉ» ብላችሁ የሰጣችሁን ቁጥር ነው።

መኪናው ውጭ ቆሞ ይሆናል ብለን ወጣን። እኔ ለሽኝቱ የለበስኩትን ሱፍ እንኳ አላወለቅኩም ነበር። በሩ ሲከፈት ያገኘን አየር ልክ አክንባሎ ሲነሳ ፊት ላይ እንደሚመጣው እንፋሎት ነው። የባሕር ዳር ልጅ ሙቀት አይፈራም ስል ነበር። ተሳስቻለሁ። የእኛ ከተማ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጥላ ሥር ከገቡ ሙቀቱ ይተዋል፣ ማታ ደግሞ የጣና ንፋስ አለ። ባንኮክ ግን ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አትልም። አየሩ እርጥብ ነው፣ ላብ አይደርቅም። ጥላውም ያው ነው።

ሻንጣችን ላይ ተቀምጠን እናቴ የቋጠረችልንን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ «ታክሲ?» እያለ የሚዞር ሰው ተከትለን 1,200 ባት (የታይላንድ ገንዘብ ነው) ከፈልን። ቆይተን እንደሰማነው፣ እዚያው አንደኛ ፎቅ ላይ ከማሽን ቁጥር ተወስዶ የሚሳፈሩበት ሕጋዊ ታክሲ አለ፤ በሜትር ይሄዳል፣ ለኤርፖርቱ የሚጨመረው 50 ባት ብቻ ነው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትነግሩን ምን ነበረበት?

ያልነገራችሁን ሌላም አለ። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ፓስፖርት ከሚታይበት መስኮት በፊት የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ያሳያል። ሻንጣ የሚገኘው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ነርስ የሆነች አክስታችን ቀድማ አስከትባን፣ «ካርዱን ከእጃችሁ እንዳትለዩት» ባትለን ኖሮ ምን እንደምንሆን እንጃ።

የክፍሉ ነገር አጭር ነው። የከፈልነው ኤሲ ላለው ክፍል ነው፤ ደረሰኙ ላይ አለ። የተሰጠን ጣሪያው ላይ ፋን የሚዞርበት ክፍል ነው። ፋኑም ያንኑ ሙቅ አየር ያማስለዋል እንጂ አያበርድም። የጫጉላችንን የመጀመሪያ ሌሊት ፎጣ እያረጠብን ግንባራችን ላይ ስናደርግ አነጋን። በማግስቱ ለቀሩት አምስት ሌሊቶች በየቀኑ 400 ባት ጨምረን ክፍል ቀየርን።

ከተማው ራሱ ደስ ይላል። በሁለተኛው ቀን በጀልባ ወንዙን ስናቋርጥ ባለቤቴ ዘጌ የምንሄድ መስሏት ነበር። ቅሬታችን ከባንኮክ ጋር አይደለም።

ስለዚህ የታክሲውን 1,200 ባት፣ ለክፍሉ የጨመርነውን 2,000 ባት፣ እንዲሁም ላልተጠቀምንበት የኤርፖርት መኪና ቀድመን የከፈልነውን ብር እንድትመልሱልን እንጠይቃለን። ደረሰኞቹንና ለሆቴሉ የላካችሁትን መልእክት ፎቶ ከዚህ ጋር አያይዘናል። ሹፌሩን ግን አንወቅስም፤ እሱ የድርሻውን ተወጥቷል። እስከ ግንቦት 30 መልሳችሁን እንጠብቃለን።

አንድ ነገር ደግሞ። የባለቤቴ የአጎት ልጅ በእኛ ምክር በእናንተው በኩል ትኬት ቆርጣለች፤ ከባሏ ጋር በሰኔ ትሄዳለች። ገንዘባችን ቢዘገይ እንኳ፣ የእሷን ሰዓት ዛሬውኑ እዩላት።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኞቻችሁ ባልና ሚስት